የዓይን ጥግ

ዓርብ ማታ ነው፤ አፉላ ዝም ብላለች።
አውቶቡስ የለም። የዳቦ ቤቱ መስኮት እንኳ ጨልሟል።
እኔ ግን ተረኛ ነኝ፤
ሥራዬ የሰው ቃል ከአንድ አፍ ወደ ሌላ ጆሮ መሸከም ነው፣
ዕቃው ሳይፈስ፣ ሳይጎድል።

አቶ ስንሻው ቢተውን አመጧቸው።
የሊፍቱን ቁልፍ በሰንበት አልጫንም ብለው
በደረጃ ሲወጡ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
መብራቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ፤
የመደገፊያው ብረት ዓይናቸውን አገኘው።
ደግሞ «አምቡላንስ? በሰንበት?» እያሉ
ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲሟገቱ፣
ደም የሚያቀጥን ኪኒን በየማለዳው የሚውጡ ሰው፣
ደማቸው ከዓይናቸው ጀርባ ቀስ ብሎ ገባ፣
መሰናበት እንደማያውቅ እንግዳ።

ዶክተር ሪማ ከናዝሬት ናት፣ ከዚህኛዋ።
ጣቷ ፈጣን፣ ቃሏ ቁጥብ።
ያበጠውን ቆብ ገለጠች።
ዓይኑ ወደ ፊት ተገፍቷል፤
ስትነካው እንደ ጠጠር ይመልሳል።
ባትሪ አበራች፤ ብሌኑ አልጠበበም።
«ብርሃኑ ይታይዎታል አባባ?»
«የቱ ብርሃን?» አሉ።

ወረቀቱ ላይ የአምቡላንሱ ልጅ ጽፏል፦
አደጋው የደረሰው ቀን፣ ሁለት ሰዓት።
ሰባት ሰዓት አልፎታል ማለት ነው።
ዶክተሯ ግድግዳውን አየችና ከንፈሯን ነከሰች፤
የታፈነ የዓይን ነርቭ ሰባት ሰዓት አይጠብቅም፣
ሁለቱንም እንኳ በመከራ።

ያን ሁለት ሰዓት ግን እኔ አውቀዋለሁ።
የእናቴ ሁለት ሰዓት ነው፣
ጀምበር ከጠለቀች ወዲህ የሚቆጠር፣
በዚህ አገር ስንት ቀጠሮ ያሳለፈብን።
«ስድስት ደምሪበት!» አልኩ፤ ጮኼ ኖሯል።
«የማታ ስምንት ነው! ገና አንድ ሰዓት ከሩብ!»
እንዳይጠፋብኝም፣ ወረቀት ሳልፈልግ
መዳፌ ላይ በብዕር ጻፍኩት።

ሲቲ ስካኑ ሃያ ደቂቃ ይቆያል ተባለ።
«እሱ ይቆይ፣ እኛ አንቆይም።
በያቸው፦ የዓይን ቤት ግድግዳው አጥንት ነው፣ አይሰፋም።
ጥጉን እቆርጣለሁ፣
ከሥሩም የታችኛውን ቆብ የያዘውን ጅማት፣
ደሙ ቦታ እንዲያገኝ።»

ከእኔ አፍ ሲወጣ እንዲህ ሆነ፦
«አባባ፣ ቤቱ ሞልቶ ባለቤቱን አፈነው፤
በሩን እንክፈትለት።»
«በቢላ?»
«በመቀስ። አደንዝዛ።»
«ዓይኔን ልታወጣው ነው፤ ደብቀሽኝ ነው።»
«ዓይኔን ግንባር ያርገው!» ብዬ ማልኩ፣
ከዚያ ምላሴን ነከስኩ።
እዚህ አልጋ አጠገብ ይህ ምን የሚሉት መሐላ ነው?
እሳቸው በደህናው ዓይናቸው አዩኝ፣
የሳቁም መሰለኝ።
«እንግዲያ ትቁረጠው።»

መርፌ። መቆንጠጫ፣ ሥጋው እስኪገረጣ።
ከዚያ መቀስ፦ አንዴ ወደ ጆሮ፣
አንዴ ወደ ታች፣
ቆቡ ገመዱ እንደተፈታ ድንኳን ከጥጉ እስኪላቀቅ።
ደሙ አልተረጨም፤
ጥቁር ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ በጉንጫቸው ወረደ።
ዶክተሯ በጣቷ ነካች፤
ጠጠርነቱ ለቆታል።

በደም ሥራቸው መድኃኒት ይንጠባጠባል፤ እንጠብቃለን።
ባትሪ እንደገና፦
ብሌኑ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ፣ እንደ ሰነፍ ሰው፣ ጠበበ።
ደህናውን ዓይን ሸፍና ጣቷን ዘረጋች።
«ስንት እንደሆነ ጠይቂያቸው።»
ጠየቅኳቸው።
ጣቷን አላዩም፤ ያዩት
አልጋው ብረት ላይ የረሳሁትን መዳፌን ነው።
«አንቺ ልጅ» አሉ በቁጣ፣
«በሰንበት ትጽፊያለሽ?»

«ምን አሉ?» አለች ዶክተሯ።
ያኔ ዕቃው ፈሰሰብኝ።
«ያያሉ» አልኳት፤ ሌላውን አልተረጎምኩም።

መዳፌን እስከ ቅዳሜ ማታ በሳሙና አልፈገፈግኩትም፤
መፋቅም በሰንበት ሥራ ነው ብለው
ከለከሉኝ።